የሄልሜት መነጋገሪያ በጉና ኩርባዎች ላይ፦ ከመግዛታችን በፊት ማወቅ የሚገባን ፊዚክስ

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከአንድ ባልደረባችን ጋር በሁለት ሞተር ብስክሌት ከደብረ ታቦር ተነሥተን፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ለመመልከት ወደ ነፋስ መውጫ አቅጣጫ እንጓዝ ነበር። በየሄልሜታችን ጎን አነስተኛ የብሉቱዝ መነጋገሪያ (ኢንተርኮም) ተገጥሟል። የዕቃው ካርቶን «እስከ 1,000 ሜትር ያነጋግራል» ይላል። እኛ ከፊት፣ ባልደረባችን ከኋላ ሆነን የጉናን ትከሻ መውጣት እንደ ጀመርን ጨዋታችን ተቋረጠ። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለ ሆነ ባልደረባችን ልቡን ለመንዳቱ ሰጥቶ ዝም ያለ መሰለንና ጉዟችንን ቀጠልን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ከመንገዱ በላይ ካለው ተረተር እረኞች ሲጣሩ ሰማን። ከወዲያ ማዶ የተነሣው ጥሪ ከአንዱ እረኛ ወደ ሌላው እየተላለፈ እኛ ዘንድ ደርሶ ነበር፤ መልእክቱም «ሞተረኛ ወድቋል፣ ተመለሱ» የሚል ነበር።

ስንመለስ ባልደረባችንን ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ አገኘነው። ኩርባው ላይ በተበተነ ጠጠር ተንሸራቶ ወድቆ፣ እግሩ በሞተሩ ሥር ተይዞ ቆይቶ፣ በአካባቢው የነበሩ ገበሬዎች ናቸው ያወጡት። እጁ ወለም ከማለቱ በቀር ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። መጀመሪያ የተናገረው ቃል «ስጣራ አልተሰማም እንዴ?» የሚል ነበር። አልተሰማም። በወደቀባት ቅጽበት በመካከላችን የነበረው ርቀት ግን ከ300 ሜትር የሚበልጥ አልነበረም።

ታዲያ ካርቶኑ ዋሽቶ ነበርን? ጥያቄው ለፊዚክስ መምህራን የሚያሳፍር ነበር፤ መልሱን ማወቅ የነበረብን ከመግዛታችን በፊት ነውና። በገጠር ወረዳዎች በሞተር ብስክሌት የሚንቀሳቀሱ የግብርና ባለሙያዎች፣ የእንስሳት ሐኪሞችና የጤና ሠራተኞች ብዙዎች ናቸው። ከአንባብያን መካከልም ነገ በዚህ ሥራ የሚሰማሩ አይጠፉም። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ የሄልሜት መነጋገሪያ እንዴት እንደሚሠራ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ምን ማለት እንደ ሆኑና እንዴት መምረጥ እንደሚገባ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ብሉቱዝ ምንድን ነው?

ብሉቱዝ በአጭር ርቀት ላይ ያሉ መሣሪያዎች ያለ ገመድ የሚግባቡበት የራዲዮ ዘዴ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ኤሪክሰን፣ አይ ቢ ኤም፣ ኢንቴል፣ ኖኪያና ቶሺባ ተባብረው የጋራ ደንብ የሚያወጣ ማኅበር መሠረቱ። ስሙ የተወሰደው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው የዴንማርክ ንጉሥ ከሃራልድ ሰማያዊ ጥርስ ነው።

ብሉቱዝ የሚጠቀመው ሞገድ ድግግሞሹ (ፍሪኩዌንሲው) 2.4 ጊጋ ኸርዝ ገደማ ነው። የብርሃንን ፍጥነት በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ወስደን ለዚህ ድግግሞሽ ብናካፍለው የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንሻለን፤ በተራራ መንገድ ላይ የሚገጥመን ችግር ከሞላ ጎደል ከዚህ ቁጥር የሚመነጭ ነውና።

በዚሁ ድግግሞሽ አካባቢ ዋይፋይና የማይክሮዌቭ ምድጃም ይሠራሉ። ብሉቱዝ ከእነዚህ ጋር እንዳይጋጭ የተመደበለትን ክልል በ79 መስመሮች ከፍሎ በሰከንድ እስከ 1,600 ጊዜ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ይዘላል። ላኪውና ተቀባዩ የዝላዩን ቅደም ተከተል አስቀድመው ስለሚስማሙ አይጠፋፉም። መሣሪያዎችን «ማጣመር» የምንለው ተግባርም ይህን ስምምነት ያካትታል። በዝላይ የመላላክን ሐሳብ ቀደም ብለው ካቀረቡት መካከል የፊልም ተዋናይቷ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል ይገኙበታል። እነርሱም ጠላት ሊያውከው የማይችል የቶርፒዶ መቆጣጠሪያ ለመሥራት አስበው እ.ኤ.አ. በ1942 የፈጠራ መብት አስመዝግበዋል።

«አንድ ኪሎ ሜትር» ማለት ምን ማለት ነው?

የብሉቱዝ መሣሪያዎች በሚልኩት ኃይል መጠን በደረጃ ይከፈላሉ። አንደኛው ደረጃ እስከ 100 ሚሊ ዋት፣ ሁለተኛው እስከ 2.5 ሚሊ ዋት፣ ሦስተኛው እስከ 1 ሚሊ ዋት ይልካሉ። ረጅም ርቀት ያነጋግራሉ የሚባሉት የሄልሜት መነጋገሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአንደኛው ደረጃ ናቸው።

ስሌቱን እንሥራ። ከላኪው የወጣው ኃይል በሁሉም አቅጣጫ ስለሚበተን፣ ምንም መሰናክል በሌለበት ሥፍራ ተቀባዩ የሚያገኘው ኃይል ከርቀቱ ካሬ ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። የሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተቀባዩ የሚያገኘው ከተላከው ኃይል አሥር ቢሊዮንኛውን ያህል ብቻ ነው። ከ100 ሚሊ ዋት የሚደርሰው አንድ መቶ ሚሊዮንኛ ሚሊ ዋት ይሆናል። ይህ ኢምንት ቢመስልም ጥሩ ተቀባይ የዚህን አንድ አሥረኛ እንኳ ለይቶ መስማት ይችላል። ስለዚህ አሥር እጥፍ ትርፍ አለን።

ትርፉን የሚበላው ግን የራሳችን ጭንቅላት ነው። መነጋገሪያው የሚገጠመው በሄልሜቱ አንድ ጎን ስለ ሆነ ሞገዱ ወደ ሌላው ጎን ለማለፍ ጭንቅላታችንን መሻገር አለበት። ሰውነታችን በአብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይመጣል። የማይክሮዌቭ ምድጃ ወጥ የሚያሞቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሁለቱ ነጂዎች ጭንቅላት ምክንያት አሥር እጥፍ ኃይል ቢባክን ትርፋችን አልቆ 1 ኪሎ ሜትር የመጨረሻው ወሰን ይሆናል። እንግዲህ ካርቶኑ አልዋሸም፤ የጻፈው መሬት ራሷ እንኳ በሌለችበት ሥፍራ የሚገኘውን ውጤት ነው።

መሬት ስትጨመር ነገሩ ይለወጣል። ከላኪው ወደ ተቀባዩ የሚሄደው ሞገድ እንደ ክር የቀጠነ አይደለም። እንደ እንዝርት ላይ ድውር ሁለት ጫፎቹ የሾሉ፣ መሃሉ የወፈረ ሥፍራ ያስፈልገዋል። ለ1 ኪሎ ሜትር ርቀት የዚህ ሥፍራ ውፍረት መሃሉ ላይ ከማዕከሉ በየአቅጣጫው 5.6 ሜትር ይደርሳል። በሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ግን ከመሬት 1.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው። በመሆኑም መሬት ውስጡ ትገባለች፤ ከመሬት ተንጸባርቆ የሚመጣውም ሞገድ በቀጥታ የመጣውን ያዳክመዋል። ውጤቱ ይህ ነው፦ በሜዳ ላይ ከ200 ሜትር ገደማ በኋላ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ የሚቀንሰው 4 እጥፍ ሳይሆን 16 እጥፍ ነው። ከላይ ባስቀመጥነው የጭንቅላት ብክነት ብናሰላው የ1 ኪሎ ሜትሩ መሣሪያ በረባዳ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ወደ ጉና ስንመለስ ሌላ መሰናክል ይጨመራል። ይኸውም ተራራው ራሱ ነው። ከጉብታ ጀርባ ያለ እረኛ ሳይታይ እንደሚሰማ ሁላችንም እናውቃለን። በ300 ኸርዝ የሚሰማ የሰው ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ ከ1 ሜትር በላይ ስለ ሆነ መሰናክልን ዞሮ ማለፍ ይሆንለታል። 12.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው የብሉቱዝ ሞገድ ግን ጠባዩ ወደ ብርሃን የቀረበ ነው፤ ከአፈርና ከአለት ግድግዳ ጀርባ ጥላ ይጥላል። ባልደረባችን በ300 ሜትር ያልተሰማው ጥላው ውስጥ ወድቆ ስለ ነበረ ነው። በአንጻሩ ግን መንገዱ ሸለቆ ዞሮ ሲመለስ ሁለቱ ነጂዎች ከገደሉ ማዶና ማዶ ሆነው ቢተያዩ፣ መሬት ከሥራቸው ርቃ ስለምትገኝ ርቆ የነበረው ድምፅ በድንገት ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ደንቡ በአጭሩ «ካልተያየን አንሰማማም» የሚል ነው።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። የጉም ጠብታዎች ከሞገዱ ርዝመት እጅግ ያነሱ በመሆናቸው ዓይናችንን ቢጋርዱም ብሉቱዝን አይጋርዱም። ዝናብም በዚህ ርቀት ላይ ይህ ነው የሚባል ተጽዕኖ የለውም። ከፍታውም እንዲሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው የጉና ጫፍ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ስለ ሆነ የሞተሩ ጉልበት ይደክማል እንጂ ራዲዮው አይደክምም። ከፊት ያለው ነጂ «ከብት መንገድ ላይ ነው» ብሎ በጉም ውስጥ ሊያስጠነቅቅ መቻሉ መሣሪያው ከሚሰጣቸው ጥቅሞች ዋነኛው ነው።

ከሁለት በላይ ስንሆን፦ ሰንሰለትና መረብ

ሦስትና ከዚያ በላይ ነጂዎች ሲሆኑ ሁለት ዓይነት አያያዝ አለ። በሰንሰለት አያያዝ አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ጋር ይጣመራል። የመሃሉ ነጂ ቢቀር ወይም ባትሪው ቢያልቅ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በመረብ (ሜሽ) አያያዝ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ የሰማውን ለሌሎቹ ያስተላልፋል። አንዱ ቢጠፋ መልእክቱ በሌላው በኩል መንገድ ያገኛል። እረኞቹ የባልደረባችንን መውደቅ ያደረሱን በዚሁ ዘዴ ነው፤ ማንም ከወደቀበት እስከ እኛ ድረስ በአንድ ትንፋሽ አልተጣራም፣ ይልቁንም ሁሉም ለሚያየው ተረተር ጮኸ። በኩርባ መንገድ ላይ ሦስት ነጂዎች ቢኖሩ የመሃሉ ሰው ከኩርባው አናት ላይ ሆኖ ሁለቱን ስለሚያገናኝ የመረብ ጥቅም ጎልቶ ይታያል።

ከታወቁት አምራቾች መካከል ካርዶና ሴና የመረብ መሣሪያዎችን ያቀርባሉ። ዋጋቸው ግን ከተራው ብሉቱዝ ይበልጣል። ከዚህም ሌላ የተለያዩ አምራቾች መረቦች በአብዛኛው እርስ በርስ አይግባቡም። በተራ ብሉቱዝ ማገናኘት ቢቻልም መሣሪያው ባልንጀራውን እንደ ስልክ ቆጥሮ ስለሚይዘው አንዳንድ አገልግሎቶች ይጎድላሉ። ስለዚህ ለብቻችን ከምንገዛ አብረውን ከሚጓዙት ጋር ተማክረን አንድ ዓይነት መግዛት ይሻላል። ዘወትር የሚጓዙት ሁለት ሰዎች ብቻ ከሆኑ ግን ለመረብ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

የድምፁ ጥራት

ራዲዮው ደርሶ ቃሉ ባይለይ ጥቅም የለውም። ነፋስ ከሄልሜት ጋር ሲጋጭ የሚፈጥረው ጩኸት ከፍጥነት ጋር እጅግ በፍጥነት ያድጋል። በንድፈ ሐሳብ ከጠንካራ አካል ጋር በሚጋጭ አየር የሚፈጠር የድምፅ ኃይል ከፍጥነቱ 6ኛ እርከን ጋር ይመጣጠናል። በዚህ መሠረት ፍጥነት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ ጩኸቱ 64 እጥፍ፣ በዲሲቤል ሲለካ ደግሞ 18 ያህል ይጨምራል። መነጋገሪያው ይህን ለመቋቋም ማይክሮፎኑ የሚቀበለውን ጩኸት ከንግግር ለይቶ ይቀንሳል። በካርቶኑ ላይ «ጫጫታ ያጠፋል» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ባልንጀራችን ከእኛ የሚሰማውን እንጂ በእኛ ጆሮ የሚገባውን ነፋስ አይደለም።

ብዙዎች መፍትሔ የሚያደርጉት ድምፁን ከፍ ማድረግ ነው። ይህ አደገኛ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋም ምክር እንደሚለው፣ ለ8 ሰዓት የሚፈቀደው የድምፅ መጠን 85 ዲሲቤል ሲሆን በየ3 ዲሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ለ100 ዲሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የተጎዳ የመስማት ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። ትክክለኛው መፍትሔ በልክ የሆነ ፊትን የሚሸፍን ሄልሜት ማድረግ፣ ማይክሮፎኑን ወደ ከንፈር ማቅረብና ፍጥነትን መቀነስ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት የድምፁ ስፋት ነው። ርካሽ መሣሪያዎች ንግግርን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለኩታል። በናሙና አወሳሰድ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለው መሣሪያ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ማስተላለፍ አይችልም። የ«ሰ» ድምፅ ኃይል ግን በአብዛኛው ከዚህ በላይ ነው፤ የ«ሸ» ደግሞ ከዚህ በታችም ይገኛል። በጠባብ መስመር ላይ «ሰጠ» እና «ሸጠ» ለመለየት የምንቸገረው ስለዚህ ነው። ሰፊ መስመር ያላቸው መሣሪያዎች በሰከንድ 16,000 ጊዜ ስለሚለኩ ቃሉ ጥርት ይላል።

ባትሪ፣ ብርድ፣ ዝናብና አቧራ

የባትሪ ቆይታ የሚሰላው የመያዝ አቅሙን ለሚፈጀው ጅረት በማካፈል ነው። ለምሳሌ አቅሙ 900 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሆኖ 90 ሚሊ አምፔር የሚፈጅ መሣሪያ 10 ሰዓት ይቆያል። ይህ ግን ለብ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። የሊቲየም ባትሪ በብርድ ጊዜ በውስጡ ያለው የአዮን እንቅስቃሴ ስለሚዘገይ አቅሙ ይቀንሳል። ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መሙላት ደግሞ ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳል። ውርጭ በሚጥልባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች መሣሪያውን ከሄልሜቱ ነቅሎ በቤት ውስጥ ማሳደር፣ የሚሞላውም ከሞቀ በኋላ መሆን ይኖርበታል።

የውኃና የአቧራ መከላከያው የሚገለጸው «አይ ፒ» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ በሚጻፉ ሁለት አኃዞች ነው። የመጀመሪያው አቧራን ይመለከታል፤ 6 ከሆነ አቧራ ፈጽሞ አይገባም። ሁለተኛው ውኃን ይመለከታል፤ 4 ከየአቅጣጫው የሚረጭን፣ 7 ደግሞ በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ መጥለቅን ይቋቋማል። በአኃዙ ፈንታ ኤክስ የተባለው የላቲን ፊደል ቢጻፍ በዚያ ረገድ የተገለጸ ደረጃ የለም ማለት ነው። በጋ የጠጠር መንገድ አቧራ፣ ክረምት ዝናብና በረዶ ለሚፈራረቅበት አገራችን 67 የሚል ምልክት ያለው ቢመረጥ መልካም ነው።

ከመግዛት በፊት

ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘባችን ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ጥሩ ሄልሜት እንግዛ፤ መነጋገሪያው ይቆይ። ድምፅ ማጉያውን ለማስገባት ሲባልም የሄልሜቱን ውስጠኛ ፎም መቁረጥ አይገባም። በአደጋ ጊዜ ግጭቱን በመጨፍለቅ የሚያበርደው እርሱ ነው። የድምፅ ማጉያ ቦታ የተዘጋጀለት ሄልሜት ካልተገኘ በጨርቁና በፎሙ መካከል የሚለጠፍ ስስ ማጉያ ይመረጣል። ፊቱ ክፍት ለሆነ ሄልሜት ዘንግ ያለው፣ ፊትን ለሚሸፍን ደግሞ በሽቦ የተያያዘ ትንሽ ማይክሮፎን ይስማማል። ቁልፎቹም በጓንት የሚለዩ ትልልቅ መሆን አለባቸው።

ከተቻለ ሳንከፍል እንሞክረው። ሁለት ሰዎች ሄልሜት አድርገው በእግር እየተራራቁ፣ አንዱ ቁጥር እየቆጠረ ሌላው ያጣውን ይጻፍ። መጀመሪያ ፊት ለፊት፣ ቀጥሎ ጀርባ ለጀርባ፣ በመጨረሻም ከቤት ጥግ ወይም ከኩርባ ጀርባ ይሁን። የሦስቱ ርቀቶች ልዩነት ከካርቶኑ ጽሑፍ ይልቅ ብዙ ያስተምራል። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም የማዕበል ትምህርትን በግቢያቸው የሚፈትሹበት ቀላል ሙከራ ነው።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ከባልደረባችን ጋር አንድ ደንብ አበጅተናል። በየሁለት ደቂቃው ከፊት ያለው «አለህ?» ይላል፤ ከኋላ ያለው «አለሁ» ይመልሳል። መልስ ከጠፋ ከፊት ያለው ደኅና ቦታ ፈልጎ ይቆማል፤ ባልንጀራው ካልታየም ይመለሳል። ራዲዮ ሲቋረጥ የሚሰማው ዝምታ ሰው በሰላም ሲነዳ ከሚሰማው ዝምታ አይለይምና። የዚያን ዕለት ዝምታውን የሰላም ምልክት አድርገን መቁጠራችን ስሕተት ነበር። መነጋገሪያው ርካሽም ይሁን ውድ ይህን ስሕተት አያርምልንም፤ ደንቡ ግን ያለ አንዳች ወጪ ያርመዋል።